ትንሽ ቤት ስለ መሸጥና ገዢ ስለ ማጣት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር በታላላቅ ጉባኤ የሚመከርበት ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት በመጣ ቍጥር ሁለትና ሦስት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩበት፥ የብዙ ቤተሰብን እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ይኸውም ትንሽ ቤትን ለሽያጭ አቅርቦ ገዢ የማጣት ነገር ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዕቍብም በባንክም ገንዘብ አጠራቅሞ፥ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ፥ ሁለት ክፍል ከነማድ ቤቱ ይሠራል፤ ወይም ዕጣ ወጥቶለት አንዲት አነስተኛ የጋራ መኖሪያ ቤት ያገኛል። ዘመን ሲያልፍ ደግሞ ቤቱን የሚያስሸጥ ነገር ይመጣል። ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ መመለስ ይፈልግ ይሆናል፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ይሆናል፤ የታመመ ሰው ማሳከሚያ ወይም የልጅ ማስተማሪያ ቸግሮት ይሆናል። ቤቱንም እሸጣለሁ ብሎ ያስወራል። ሰው ይመጣል፤ ያያል፤ ግድግዳውን በጣቱ ቈርቈር ያደርጋል፤ ቡናውን ጠጥቶ «እንግዲህ እንነጋገርበታለን» ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን አይደውልም። የሚቀጥለውም እንዲሁ ነው። ወር በወር ላይ ሲደረብ ባለቤቱ በቤቱ ማፈር፥ ባልና ሚስትም «አንተ ዋጋ ሰቀልህ»፥ «አንቺ ሰው አላስገባ አልሽ» እየተባባሉ መወቃቀስ ይጀምራሉ። በመጨረሻም ችግሩ ሲጠና ቤቱን እንዳገኙ ለመጀመሪያው ጠያቂ፥ በማይገባው ዋጋ ይለቁታል። የሃያ ዓመት ድካም በአንድ ሳምንት ችኰላ የሚቀልጠው በዚህ ዓይነት ነው።

ታዲያ ገዢ የሚጠፋው ስለ ምንድን ነው? ባለቤቱን ብትጠይቁት ከሁለት አንዱን ምክንያት ይሰጣችኋል። ወይም «ዘመኑ ክፉ ስለ ሆነ ነው» ይላል፤ ወይም «ቤቴ ትንሽ ስለ ሆነ ነው» ይላል። ሁለቱም ምክንያቶች እኩሌታ እውነት አላቸው። የቀረውን እኩሌታ ነው ዛሬ አብረን እንድንመረምረው የምለምናችሁ።

ዘመኑን የሚያማርሩ ሰዎች ሐሰት አልተናገሩም። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ገደቡ በኋላ እየላላ ቢመጣም፥ በብድር ቤት እገዛለሁ ብሎ ያሰበውን ደመወዝተኛ ብዙ ጊዜ ደጅ አስጠንቶታል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ከዚያ በፊት በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረቱም፥ ቈርቈሮውም፥ የመብራት ገመዱም ከምንዛሪው ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ሄደ። ስለዚህ ሻጩ ዋጋ ሲተምን «ይህን ቤት ዛሬ ልሥራ ብል ስንት ያስወጣኛል?» ብሎ ያስባል። ገዢው ግን «ከወር ደመወዜ ምን ይተርፈኛል?» ብሎ ያስባል። ደመወዝ ደግሞ በሲሚንቶና በብረት እርምጃ አይራመድም። ሁለቱም ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ሂሳባቸው ግን ሳይገናኝ ይቀራል።

ስለ ቤቱ ማነስም የሚነገረው እንዲሁ በከፊል እውነት ነው። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው የሚፈልገው ሰፊ ግቢ ነው፤ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ያስባልና። ስለዚህ በሰባና በሰማንያ ካሬ ሜትር ላይ ያለችውን ቤት በመኪናው መስኮት አይቷት ያልፋል። ነገር ግን ትንሽ ቤት የራሱ ገዢ አለው። እርሱም ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ዕቃ መጫን የሰለቸው መምህር፥ በቅርብ ያገባ ነርስ፥ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጸሐፊ፥ ባጭሩ እንደ እናንተው ያለ ደመወዝተኛ ነው። ይህን ገዢ በደንብ ማወቅ የመፍትሔው መጀመሪያ ነው። ባለጠጋው አንድ ቤት ገዝቶ ቢከስር በሌላው ያካክሳል። ይኸኛው ግን የሚይዘው ገንዘብ የዕድሜው ቍጠባ፥ የዘመድ ብድርና የዕቍብ ዕጣ ተደምሮ ነው። አንድ ጊዜ ቢሳሳት ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ይፈራል። ፍርሃቱንም አፍ አውጥቶ መናገር ስለሚከብደው «እንነጋገርበታለን» በሚለው ቃል ሸፍኖት ይሄዳል። እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ገዢን የሚያርቀው ከቤቱ ማነስ ይልቅ የጥርጣሬው መብዛት ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱን ማስፋት አይቻላችሁም፤ ጥርጣሬውን ማጥበብ ግን ይቻላችኋል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ «በእርግጥ የምገዛው ምንድን ነው?» የሚል ነው። እንደምታውቁት በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጎ፥ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራው የማይንቀሳቀስ ንብረት ግን ሙሉ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ በሕግ ፊት የምትሸጡት ግድግዳውን፥ ክዳኑንና በሩን ነው። ገዢው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ለምርጊቱና ለማገሩ ብቻ አይደለም፤ ለሰፈሩ፥ ለመንገዱ፥ ለትምህርት ቤቱ ቅርበት ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት የቦታው አያያዝ ነባር ይሁን ወይም ሊዝ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቍጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት እንዲገባ ደንግጓል። ይህን የማያውቅ ገዢ በስም ማዛወሪያው ጊዜ ያልጠበቀው ክፍያ ይመጣበትና ይደነግጣል። ስለዚህ ሻጭ የሆነ ሰው አስቀድሞ ወደ ክፍለ ከተማው ሄዶ፥ በዛሬው አሠራር ምን ያህል እንደሚከፈል ጠይቆ በወረቀት ይዞ መቀመጥ አለበት። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅም ለባለቤትነት ማዛወሪያ ከዋጋው 2 በመቶ እንዲከፈል ደንግጓልና፥ ማን እንደሚከፍለው ከመጀመሪያው ቀን መነጋገር መልካም ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የወረቀት ነው። በትንንሽ ቤቶች ላይ የሚታየው ትልቁ እንቅፋት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ካርታው ከሞቱ ብዙ ዓመት በሆናቸው አባት ስም ይገኛል፤ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አላወጡም፤ አንዱ ወንድም አሜሪካ፥ አንዷ እኅት ዐረብ አገር ናቸው። ወይም በካርታው ላይ አንድ ክፍል ብቻ ተመዝግቦ ሳለ በግቢው ውስጥ ሦስት ክፍል ቆሟል። ወይም መብራቱ ከጎረቤት ቈጣሪ ላይ የተጠለፈ ነው። ባለቤቱ ይህን ሁሉ «ገዢ ሲገኝ እናስተካክለዋለን» እያለ ያቈየዋል። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ ገዢ ሲገኝ የተጀመረ የወረቀት ሥራ ገዢውን ያባርራል። ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ሦስት ወር አይጠብቅም፤ ቢጠብቅም ዋጋው ያልቅበታል።

ስለዚህ ቤቱን ከማስወራታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች በአንድ ፋይል አሰናድታችሁ አስቀምጡ። የይዞታ ማረጋገጫው ካርታና ፕላኑ፤ የዘንድሮው የቦታና የቤት ግብር ደረሰኝ፤ የውሃና የመብራት ደረሰኝ፤ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፤ ባለ ትዳር ከሆናችሁ የጋብቻ፥ ካልሆናችሁ ያላገባችሁ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ሚስት ያልፈረመችበት ውል ነገ በፍርድ ቤት ሊፈርስ እንደሚችል ገዢው ከጓደኞቹ ሰምቷል። እንዲሁም በውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም ልጅ ውክልና ሲልክ፥ ቤት ለመሸጥ ሥልጣን መስጠቱ በግልጥ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ለጠቅላላ አስተዳደር የተሰጠ ውክልና ቤት አያሸጥም። የጋራ መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው ደግሞ በደንቡ መሸጥ የተከለከለበት ዘመን ማለፉንና የባንክ ዕዳው ያለበትን ደረጃ የሚያሳይ ወረቀት ይጨምርበት።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ስለ ነገ ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት ሥራ በብዙ ሰፈሮች ሲካሄድ፥ ገዢ ሁሉ «ይህስ ቤት ይነሣ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ሆኗል። ይህን ጥያቄ «ኧረ ማንም አይነካውም» ብሎ መመለስ ምንም አያረጋጋም። ሻጩ የማይጨብጠውን ነገር ቢምል ማን ያምነዋል? ከዚያ ይልቅ በቦታው ላይ ያለውን የከተማውን ፕላን ከሚመለከተው ክፍል ጠይቆ ማሳየት ይሻላል። መልሱ መልካም ካልሆነም ቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመው ለራሱ ለሻጩ ነው።

ከጥርጣሬው ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ነው። ብዙ ሻጭ ዋጋውን የሚወስነው ከወሬ ነው። «ከበላያችን ያለው ቤት በዚህን ያህል ተሸጠ» ይባላል፤ ነገር ግን ያ ቤት በጥግ ላይ መሆኑ፥ መኪና የሚያስገባ በር ያለው መሆኑ፥ ወይም የተባለው ገንዘብ በእርግጥ መከፈሉ አይመረመርም። በወሬ ዋጋ ላይ መቀመጥ ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ዋጋውን ከችግሩ ያወጣዋል፤ «ለሕክምናው ይህን ያህል፥ ለልጁ ይህን ያህል ያስፈልገኛል» ብሎ ይደምርና ድምሩን የቤቱ ዋጋ ያደርገዋል። የእናንተ ችግር እውነተኛ ነው፤ የቤቱን ዋጋ ግን ሊጨምረው አይችልም።

ሂሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሰው ቤቱን 3,000,000 ብር ብሎ ቢያቀርብና በመጀመሪያው ወር 2,700,000 ብር የሚሰጥ ቢያገኝ፥ «300,000 ብርማ አልጥልም» ብሎ ይመልሰዋል እንበል። ቤቱ ባዶውን ዓመት ይቈያል። በወር 10,000 ብር ቢከራይ ኖሮ የሚያገኘው 120,000 ብር ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣውም ገዢ ከ2,700,000 ብር ፈቀቅ ካላለ፥ በዚያ ዓመት ውስጥ የዕቃ ዋጋ ከመቶ 10 ብቻ ቢጨምር፥ ያ ገንዘብ የሚገዛው የአምናውን የ2,454,000 ብር ያህል ዕቃ ነው። «ቤትም እኮ ከዕቃው ጋር ይወደዳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ይወደዳል፤ ነገር ግን በአፍ የሚጠራው ዋጋ ሲወደድና ገዢ በእጁ የሚያመጣው ገንዘብ ሲወደድ ልዩነት አለው። ስለዚህ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሦስት ቍጥር በወረቀት ይጻፉ፤ የሚጠሩትን፥ የሚስማሙበትንና ከዚያ በታች ፈጽሞ የማይወርዱበትን። ሦስተኛው ቍጥር ለደላላም ለዘመድም አይነገር። እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ተገቢው ዋጋ ሲመጣ ያውቀዋል፤ ችግር ሲያስቸኵለውም የሚይዘው ምሰሶ አለው።

ስለ ቤቱ ገጽ ጥቂት ልጨምር። ትንሽ ቤት በዕቃ ሲታጨቅ የባሰ ያንሳል። ከሚስትዮዋ ጥሎሽ ጀምሮ የተከማቸው ሣጥን፥ ከደጃፉ የቆመው የተሰበረ አልጋ፥ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ትልቅ ድስት ሁሉ ከቤት ይውጣና ዘመድ ቤት ይቀመጥ። መስኮቱ ይከፈት፤ መጋረጃው ይነሣ። ጢስ ያጠቈረው ማድ ቤት ኖራ ይቀባ። የዛገው አሸንዳ ይለወጥ፤ በግድግዳው ላይ የሚወርደው የእርጥበት መሥመር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ ነውና። መጸዳጃው ከሳሎኑ ይልቅ ይታይ፤ ሴቶች ገዢዎች አስቀድመው የሚያዩት እርሱን ነው። የሚቻል ከሆነ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፥ ከጥቅምት ጀምሮ ለዕይታ ማቅረብ ይሻላል። ነገር ግን የሚያፈሰውን ክዳን በኮርኒስ፥ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በቀለም ሸፍኖ መሸጥ የተለየ ነገር ነው። ሕጉ ሻጩን በደበቀው ጉድለት ይጠይቀዋል። ከዚህም ሌላ፥ «ይህ ግድግዳ በክረምት ይረጥባል፤ ለዚህ ብዬ ይህን ያህል ቀንሻለሁ» ብሎ በግልጥ የተናገረ ሻጭ በሌላው ነገር ሁሉ ይታመናል። አንድ ጉድለት መናገር አሥር ጥርጣሬ ያስወግዳል።

በቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ ደግሞ ነገሩን ከገዢው አትደብቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራዩ የሚወጣበት ቀን በስምምነት ካልተለየ፥ ገዢው ቤት ሳይሆን ክርክር ገዝቶ ይገባል።

ስለ ደላላም እንዲሁ። ደላላ ጠላት አይደለም፤ ሥራው ገዢና ሻጭ ማገናኘት ነው። ነገር ግን አንዱን ቤት ስድስት ደላላ ሲይዘው፥ አንዱ በ3,000,000፥ ሌላው የራሱን ጭማሪ ደርቦ በ3,400,000 ይጠራዋል። ገዢውም አንዱን ቤት በሁለት ዋጋ ሲሰማ፥ በዚህ ቤት ተንኰል አለ ብሎ ይሸሻል። ስለዚህ የምታውቁትን አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡ፤ የድለላውን ዋጋ በጽሑፍ ተስማሙ፤ የመሸጫውንም ዋጋ ገዢው ከእናንተ አፍ እንዲሰማ አድርጉ። በደላላ ብቻም አትታመኑ። የትንሽ ቤት ገዢ ደመወዝተኛ ነው ካልን፥ የሚገኘውም ደመወዝተኛ ባለበት ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ፥ በዕድራችሁ፥ በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ያሉ ሰዎች ይስሙ። በሰፈሩ በኪራይ የሚኖረው ጎረቤት ሰፈሩን ለምዶታልና ከሁሉ የቀረበ ገዢ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ሳትጠይቁ ሩቅ አትሂዱ።

ገዢ ተገኝቶ ዋጋ ከተቈረጠ በኋላ ቀብድ ይመጣል። ብዙ ሰው ቀብድን እንደ መተማመኛ ስጦታ ያየዋል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ስለዚህ 100,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ በማግሥቱ የተሻለ ዋጋ የሰማ ሻጭ፥ 200,000 ብር ሊከፍል እንደሚችል ያስብ። ያው ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ቤት ማስረከብ ለሁለቱም ወገን የክርክር ዘር መዝራት ነው። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ አብሮ ሄዶ መፈረም፥ ክፍያውንም በባንክ ማድረግ የሁለቱንም እንቅልፍ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ገዢ ባይመጣስ? እንግዲያው አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፤ መሸጥ ግዴታ ነውን? ችግሩ የአንድ ዓመት ከሆነ ቤቱን አከራይቶ መቈየት ይቻል ይሆናል። ዛሬ ተሽጦ የወጣ ቤት በነገው ደመወዝ ተመልሶ እንደማይገዛ ልብ በሉ። መሸጡ ግዴታ ከሆነ ግን፥ ከስድስት ወር ዝምታ በኋላ ዋጋውን ጥቂት በጥቂት ከመሸራረፍ ይልቅ አንድ ጊዜ በቅጡ ማስተካከል ይሻላል። በየሳምንቱ የሚወርድ ዋጋ ለገዢው «ጠብቅ፥ ገና ይወርዳል» ብሎ ይመክረዋል።

ክቡራን አድማጮች፥ በቤታችሁ ማነስ አትፈሩ። በሁለት ክፍል ውስጥ ልጅ አሳድጋችሁ፥ እንግዳ ተቀብላችሁ፥ ሬሳ አውጥታችሁ፥ ሠርግ ደግሳችሁ ኖራችኋል። ከበራችሁ ላይ የሚቆመው ገዢም ለራሱ ይህንኑ ኑሮ የሚመኝ ሰው ነው። ያ ሰው እናንተ ቤቱን በሠራችሁበት ጊዜ የነበራችሁ ፍርሃት አለበት። እናንተን በዚያን ጊዜ ያረጋጋችሁ ምን እንደ ነበረ አስቡና ያንኑ ስጡት፤ የተሟላ ወረቀት፥ ያልተድበሰበሰ ቃል፥ በምክንያት የቆመ ዋጋ። እንዲህ የተሸጠ ቤት ሻጩን አያጸጽትም፤ ገዢውንም ከሻጩ ጋር በሰላምታ ያኖረዋል።